ዓይኔን ስጨፍን

ፊቴን ስታጠብ ወደቅኩ። ሳሙናውን ፊቴ ላይ አዳርሼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ውኃ ለመዝገን ጎንበስ እንዳልኩ ወለሉ ከሥሬ የሸሸ መሰለኝና ራሴን የመታጠቢያ ቤቱ በር ሥር አገኘሁት። ባለቤቴ ታደለ ሮጦ ሲመጣ ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ እንባዬ ይወርዳል።

"አዳለጠሽ?" አለኝ።

"አዳለጠኝ" አልኩት።

ወለሉ ግን ደረቅ ነበር። ሁለታችንም አይተነዋል።

ይህን የምጽፈው ሕመማቸው ስም አጥቶ ከክሊኒክ ክሊኒክ ለሚንከራተቱ ሰዎች ነው። ሐኪም አይደለሁም። ጉርድ ሾላ፣ አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነኝ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ካለችው ቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ጋር እዘምራለሁ። ስለ ነርቭ የማውቀው ስለ ራሴ ነርቭ ብቻ ነው፤ እሱንም ያወቅኩት ጊዜው ሊያልፍብኝ ጥቂት ሲቀረው ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ውድቀት ብዙ ወራት ቀደም ብሎ በእግር ጣቶቼ ነበር። ባዶ እግሬን ቆሜ ካልሲ ያደረግኩ ይመስለኛል። አንድ ማታማ ላወልቀው ጎንበስ ብዬ ቆዳዬን ቆንጥጬ አውቃለሁ። ለእናቴ በስልክ ብነግራት አንድ አፍታ እንኳ አላሰበችም።

"ብርድ ነው" አለች። "በዚያ ሴራሚክ ላይ በባዶ እግርሽ ትንጎራደጃለሽ፣ ምን ይሁንልሽ?"

እናቴ ወይዘሮ ዘነበች ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ተወልዳ ባደገችበት ግቢ ነው የምትኖረው። እዚያ ሰፈር ብርድ የማይሠራው ጉድ የለም። ወገብ ይይዛል፣ ፊት ያጣምማል፣ ትዳርም ሳያፈርስ አይቀርም። ቅባትና ወፍራም የሱፍ ካልሲ ላከችልኝ። እኔም በውሸቱ ካልሲ ላይ የእውነቱን ደርቤ ከረምኩ።

ድንዛዜው ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ሲወጣ ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ሰጠሁና ታይፎይድና ታይፈስ ተባልኩ። አዲስ አበባ ኖሮ እነዚህን ሁለቱን ያልተባለ ሰው ካለ ባገኘው ደስ ይለኛል። የታዘዘልኝን ሳላጓድል ዋጥኩ። ድሮም የሚያስቸግረኝ ጨጓራዬ ተንጨረጨረ፤ እግሬ እንደደነዘዘ ቀረ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ መገናኛ ከታክሲ ወርጄ ትንሽ ራመድ እንዳልኩ ረዳቱ ከኋላዬ ተጣራ። "እናት! ጫማሽን!" ዞር ስል አንድ እግር ክፍት ጫማዬን ከፍ አድርጎ ይዞ ይስቃል። አብሬው ሳቅኩ። ጫማው ከእግሬ መውለቁን እግሬ አልነገረኝም ነበር። መንገዱን ተሻግሬ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ስቆም ጎንበስ ብዬ ሁለቱንም ጫማዎቼን በእጄ ዳሰስኳቸው።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ አዲስ ነገር ይጨመርልኝ ጀመር። የሸሚዝ ቁልፍ ለመቆለፍ መስታወት ፊት መቆም አስፈለገኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ጣቶቼ የተሳሳተ ፊደል እየመቱ የአለቃዬን ደብዳቤ መላልሼ መጻፍ ሆነ ሥራዬ። አንገቴን ደፋ ሳደርግ ከማጅራቴ ተነሥቶ እስከ እግሬ ድረስ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ይነዝረኛል። ማታ ማታ ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀኝ እግሬን በግራ እግሬ እፈልገዋለሁ፤ አላገኘውም። ያኔ እፈራለሁ። ነገ ስነሣ መቆም ቢያቅተኝስ እላለሁ። ታደለን ልቀሰቅሰው እልና እተወዋለሁ።

መታጠቢያ ቤት ከወደቅኩ በኋላ የአጥንት ሐኪም ጋ ሄድን። የወገብ ኤም.አር.አይ አዘዘልኝ። ለቤታችን ጣሪያ ያስቀመጥነው ገንዘብ እዚያ ገባ፤ ታደለ አንድም ቀን አላነሣብኝም። "ዲስክሽ ትንሽ ወጣ ብሏል" አለኝ ሐኪሙ፤ ዲስክ ማለት በጀርባ አጥንቶች መካከል ያለው ልስልስ ነገር ነው። የወገብ ቀበቶ ታዘዘልኝ። ቀበቶው ቀጥ አድርጎ ያዘኝ፤ ቀጥ እንዳልኩም መንገዳገዴን ቀጠልኩ።

ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ነገር መጣ።

መዘምራን በፕሮግራሙ መጀመሪያ መድረክ ላይ እንቆማለን። በዝማሬው መሃል መሪያችን "ዓይናችንን ጨፍነን፣ እጃችንን አንሥተን ጌታን እንፈልግ" ይላል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳደርገው የኖርኩት ነው። የዚያን ዕለትም ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እጄን አነሣሁ፤ ከዚያ የማስታውሰው የማይክሮፎኑ ዘንግ ከእኔ ጋር ሲወድቅ ያሰማውን ድምፅ ነው።

እኛ ጋ በጸሎት መሃል መውደቅ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ መንፈስ ቅዱስ ነክቶሻል፣ ወይ ሌላኛው እየለቀቀሽ ነው። መጀመሪያ መልካሙን አሰቡልኝ። አንዲት እህት መጥታ እግሬን በነጠላ ሸፈነችልኝ፣ ዝማሬው ደመቀ፣ ከአዳራሹ "ሃሌሉያ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ያነሣኝ ግን የለም። መንፈስ የነካውን ሰው አይረብሹትም። እኔ እዚያ ወለሉ ላይ ጉልበቴን እያመመኝ አንድ ሰው እጁን ቢሰጠኝ ብዬ እጸልያለሁ።

በሚቀጥለውም እሑድ ወደቅኩ። ከዚያም በኋላ እንደገና። ያኔ ወሬው ተለወጠ፤ ምክንያቱም መንፈስ የነካው ሰው ፊቱ ያበራል፣ እኔ ግን ስነሣ ፊቴ አመድ ነው። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ የሆኑት ጋሽ በቀለ ከባለቤታቸው ጋር ቤታችን መጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ ለሠርጋችን ምስክር የቆሙት እሳቸው ነበሩ። ሻይ ቀርቦላቸው ከጠጡ በኋላ ተናገሩ።

"እህታችን ሰናይት፣ ቅር አይበልሽ። በእናትሽ ወገን የቆየ ነገር ይኖር ይሆን? የሚገበርለት፣ እንዲህ ያለ?"

"እናቴ ኦርቶዶክስ ናት ጋሽ በቀለ። የምትገብረው ለመንግሥት ብቻ ነው።"

አልሳቁም። "ለማንኛውም እስኪለቅሽ ድረስ ከመድረክ አረፍ ብትዪ ይሻላል። እኛም እንጾምልሻለን" አሉኝ።

ታደለን አየሁት። የሻይ ብርጭቆውን እያዞረ ወለል ወለሉን ያያል። አንድ ቃል አልተናገረልኝም። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ጠየቅኩት።

"አንተም እንደሱ ነው የምታስበው?"

"ምን እንደማስብ አላውቅም ሰኒ። ሐኪሞቹ ምንም አላገኙም። ታዲያ ምን ልበል?"

"አልያዛትም በል። ሚስቴ ታማለች በል።"

ብርጭቆዎቹን ሰብስቦ ወደ ኩሽና ገባ። የዚያን ሰሞን አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን እንደ ጎረቤት ነበር የምንነጋገረው። ከዝማሬ መከልከሌን እችለው ነበር፤ በገዛ ቤቴ መጠርጠሬ ግን አንገበገበኝ። ይባስ ብሎ እኔም ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ። ብቻዬን ስሆን "ማነህ?" ብዬ ወደ ውስጤ የጠየቅኩበት ቀን አለ። የሚመልስልኝ አልነበረም።

አንድ ሌላ ሐኪም ጋ ደግሞ ሄድኩ። ምልክቶቼን በትዕግሥት ሲጽፍ ቆየና ስወድቅ ምን እየሠራሁ እንደነበር ጠየቀኝ።

"እየጸለይኩ" አልኩት።

ብዕሩን አስቀመጠ። ጭንቀት እንዳለብኝ፣ ጭንቀት ደግሞ ሰውነትን እንደሚያደነዝዝ በትሕትና አስረዳኝና የሚያረጋጋ ክኒን ጻፈልኝ። ክኒኑ ያስተኛኛል። ተኝቼ ስነሣ እግሬ ትናንት ከነበረበት ትንሽ ርቆ ይጠብቀኛል።

እናቴ ይህን ሁሉ ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ ከፈረንሳይ መጣች። እኔና እሷ በሃይማኖት ጉዳይ ቂም አለን። ኮሌጅ እያለሁ ጌታን ተቀበልኩ ብዬ የነገርኳት ቀን ያለቀሰችው ልቅሶ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሠርጌ ዕለት ከቤተ ክርስቲያናችን አጥር ውጭ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ጠበቀችኝ እንጂ ደጁን አልረገጠችም። አሁንም ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

"የእናንተዎቹ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። አሁን ተራው የእኛ ነው። ነገ ጠበል እንወጣለን።"

"እማዬ፣ አልጠመቅም።"

"ማን ተጠመቂ አለሽ? ፊትሽን ብቻ ታጠቢ። ፊት መታጠብም በእናንተ ኃጢአት ነው?"

ሄድኩ። ደክሞኝ ነበር፤ ከእሷ ጋር ለመከራከር ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል። በኮንትራት ታክሲ የእንጦጦን ዳገት ወጣን። የራጉኤል መታጠፊያ ላይ ስንደርስ እናቴ በመስኮት ተሳለመች፤ እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። መኪናው ካደረሰን በኋላ በባሕር ዛፉ መሃል ወደ አንድ ጠበል የምትወርድ ቀጭን መንገድ አለች። እዚያ ጫማ ይወልቃል። ጠዋት ስለነበር ጭቃው በረዶ ነው መሰለኝ፣ ሰው ሁሉ እግሩን እያነሣ ይንዘፈዘፋል። እኔ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ብርዱ ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ብቻ ነው የተሰማኝ።

አጥማቂው አባት ፊቴን ብቻ መታጠብ እንደምፈልግ ሲነገራቸው እሺ አሉ። ውኃውን በጣሳ ቀድተው ወደ ፊቴ ሲያመጡት ዓይኔን ጨፈንኩ። ወደቅኩ።

"ያዘው፣ ያዘው! ሊለፈልፍ ነው!" አለ ከአጠገቤ አንድ ሰው። ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ከበበኝ። አባ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው "ማን ነህ? ስምህን ተናገር" አሉ። ሁሉም ጸጥ ብሎ ይጠብቃል። እኔም ጭቃው ውስጥ ተኝቼ ከእነሱ ጋር እጠብቃለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው ይልቅ ያን ስም መስማት የምፈልገው እኔ ነበርኩ። ማን እንደሆነ የሚነግረኝ ከተገኘ ጋኔን ቢሆንም አልጠላም ነበር።

ምንም ድምፅ አልመጣም። በመጨረሻ "እማዬ፣ አንሺኝ" አልኩ። እናቴ ሰዉን ገፍታ ገብታ በሁለት እጇ አነሣችኝ።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ጭቃውን ከቀሚሴ ላይ በጥፍሯ ትፍቃለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ።

"ጋኔን አይደለም።"

"በምን አወቅሽ?"

"ስንት የያዘው ሰው አይቻለሁ። ጋኔን ቢሆን ጠበል ሲነካው ይጮሃል፣ ይሳደባል፣ እከሌ ነኝ ይላል። አንቺ ዝም ብለሽ ነው ዝርግት ያልሽው። ይሄ ሕመም ነው። ሐኪም ቤት እንሄዳለን።"

"እማዬ፣ ስንቱ ጋ ሄድኩ እኮ!"

"እኔ ሳልኖር ነዋ የሄድሽው" አለች።

በልጅነቴም እንዲህ ነበረች፤ አስተማሪዬ ከቀጣኝ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ ነው የምታጣራው። በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ይዛኝ ሄዳ የሪፈር ወረቀት እስኪጻፍልን ድረስ ከወንበሯ አልነሣም አለች። ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የነርቭ ክፍል ተላክን። ቀጠሮው ሩቅ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ግድግዳ እየያዝኩ ሰነበትኩ።

የቀጠሮው ቀን ታደለ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ አብሮን መጣ። አልጠየቅኩትም፤ ጠዋት ስወጣ ጫማውን አድርጎ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። በአገናኝ መንገዱ ያሉት አግዳሚ ወንበሮች ሞልተው ነበር። ጥበቃው ስንገዳገድ አይቶኝ የራሱን ወንበር ከበሩ አምጥቶ ሰጠኝና ቀኑን ሙሉ ቆሞ ዋለ። ስሙን አልጠየቅኩትም፤ እስካሁን ይቆጨኛል። በአንድ ጎኔ እናቴ፣ በሌላው ታደለ ቆመዋል። እናቴ የበሩን ጽሑፍ በቀስታ አነበበችና ወደ ታደለ ዞረች።

"ነርቭ ነው የሚለው? ልጄ አላበደችም እኮ።"

"የዕብደት አይደለም እማዬ" አላት ታደለ። "የሰውነት ገመድ ማለት ነው። ከአእምሮ ወደ እግር የሚሄደው።"

ከጋሽ በቀለ ጉብኝት በኋላ ስለ ሕመሜ ሲናገር የሰማሁት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር። የሆነ ቦታ አንብቦ መምጣቱ ገባኝ። እጄን ዘርግቼ የኮቱን ጫፍ ያዝኩ።

ሐኪሟ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ፎቶውን፣ ወረቀቱን፣ ሁሉንም አየችና ወደ ጎን አደረገችው።

"እስቲ ስለ መውደቁ ንገሪኝ" አለችኝ። "የት የት ወደቅሽ?"

ነገርኳት። መታጠቢያ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን፣ መኝታ ቤት ሹራብ በአናቴ በኩል ሳወልቅ፣ ጠበል።

"እነዚህን የሚያገናኛቸው ምንድን ነው?"

"ሃይማኖት ነዋ" አለች እናቴ።

"መታጠቢያ ቤቱስ እናቴ?" አለች ሐኪሟ ፈገግ ብላ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ተነሺ። እግርሽን ግጠሚ። እኔ አጠገብሽ ነኝ፣ አትወድቂም። አሁን ዓይንሽን ጨፍኚ።"

ገና ሳልጨፍን ገባኝ። "ልወድቅ ነው" አልኳት። ጨፈንኩ፤ ክፍሉ ተዘነበለ፤ ትከሻዬን ያዘችኝ።

አስተኝታኝ ሹካ የመሰለ ብረት አንዝራ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አደረገች። ሌላ ሰው ንዝረቱ ይሰማዋል፤ ለእኔ ብረት ብቻ ነበር። ቀጥላ ዓይኔን አስጨፍናኝ "አውራ ጣትሽን ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች ያደረግኩት?" አለችኝ። "ገና አልነካሽኝም" አልኳት። ዓይኔን ስከፍት ጣቴ በእጇ ውስጥ ነበረ። ታደለ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ምላሴንም አየችው፤ ልሙጥ ነበር። በርበሬ ሲያቃጥለኝ መክረሙን ያኔ ነው ያስታወስኩት።

"የምትወስጂው መድኃኒት አለ?"

"የለም።" ለሁሉም ሐኪሞች የሰጠሁት መልስ ይኸው ነበር።

"ያቺ ጠዋት ጠዋት የምትውጫትስ?" አለች እናቴ።

"እሷ መድኃኒት አይደለችም እማዬ፤ የጨጓራ ናት።"

ሐኪሟ በዚህ ጊዜ ሳቀች። "ስንት ዓመት ሆነሽ?"

ማሰብ ነበረብኝ። ከመሥሪያ ቤት ሥር ካለው መድኃኒት ቤት እየገዛሁ ስውጣት ዓመታት አልፈዋል፤ ለእኔ እንደ ጨው የቤት ዕቃ ናት። ከጨጓራው የተነሣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት ትቼ ሽሮና አትክልት ብቻ እንደምበላም ነገርኳት። ጾመኛዋ እናቴ "ጴንጤ ሆና ከእኔ በላይ ትጾማለች" ብላ ጨመረችበት።

ያኔ ነው ሐኪሟ ወረቀት አውጥታ ሥዕል ሥላ ያስረዳችን። በጀርባ አጥንታችን ውስጥ፣ ኋለኛው በኩል፣ እግራችን የት እንዳለ ለአእምሮ የሚያደርስ ነርቭ አለ። ያ ነርቭ ቢ ትዌልቭ የሚባል ቫይታሚን ካጣ ልባሱ እየተላጠ ይሄዳል። ቫይታሚኑ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ ከምግቡ ተላቅቆ እንዲወጣ ደግሞ የጨጓራ አሲድ ያስፈልገዋል። እኔ ምግቡን ትቻለሁ፣ አሲዱን በክኒን አጥፍቻለሁ።

"ዓይንሽ ሲከፈት እግርሽን እያየ ለአእምሮሽ ይነግረዋል። ዓይንሽ ሲጨፈን የሚናገር የለም" አለችኝ። "ለዚህ ነው መታጠቢያ ቤት፣ ለዚህ ነው ጸሎት። ወገብሽ ላይ ያነሡት ፎቶም ይህን አያሳይም፤ ችግሩ ከዚያ ከፍ ይላል። ግን በደም እናረጋግጠው።"

የደሙ ውጤት በመጣ ዕለት ሐኪሟ ወረቀቱን አሳየችን። የእኔ ከዝቅተኛው በታች ነበር። እናቴ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለች።

"ምን ነበር ያልሽው ልጄ?"

"ቢ ትዌልቭ እናቴ።"

"ቢ ትዌልቭ" አለች እናቴ በዝግታ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እሰይ። ስሙን ተናገረ።"

አለቀስኩ። ከማዘን ይሁን ከደስታ አልለየሁትም። ሐኪሟ ግን እውነቱን አልደበቀችኝም። ዘግይቻለሁ፤ ብዙው ይመለሳል፣ ሁሉም ላይመለስ ይችላል፤ ትንሽ ብቆይ ኖሮ መቆም የሚባለውን ነገር እረሳው ነበር። የጨጓራዬንም ነገር በሌላ መንገድ እንዲከታተሉልኝ አደረገች።

መርፌው ተጀመረ፤ መጀመሪያ በየቀኑ፣ ከዚያ በየሳምንቱ፣ አሁን በየወሩ። ድንቅ ነገር የጠበቀ ሰው ያዝናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲያውም እግሬ በጉንዳን እንደተወረረ ሆነብኝ፤ መርፌው ገደለኝ ብዬ ስደውል ሐኪሟ "የተኛው ነርቭ እየነቃ ነው፣ ታገሺ" አለችኝ። አንድ ማለዳ ከአልጋ ስወርድ ሴራሚኩ ቀዘቀዘኝ። ቀዘቀዘኝ። ተመልሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን ወለሉ ላይ አደርገዋለሁ፣ አነሣዋለሁ፣ አደርገዋለሁ። ለእናቴ ደውዬ "እማዬ፣ በረደኝ" ስላት "ካልሲ አድርጊያ" አለችኝ።

ታደለ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የብረት መያዣ ገጠመ። ሲቦረቡር አቧራው ቤቱን ሞላው። ጨርሶ ዊንጮቹን እየለቀመ፣ ሳያየኝ፣ "ያን ቀን ዝም ማለት አልነበረብኝም" አለ። "አዎ፣ አልነበረብህም" አልኩት። ይበቃን ነበር። ከዚያ ወዲያ ፊቴን ስታጠብ በአንድ እጄ ብረቱን እይዛለሁ።

እንደኔ ስም በሌለው ነገር የምትሠቃዩ ሰዎች፣ የምለው ጥቂት ነው። ለሐኪም የሆናችሁትን ብቻ አትንገሩ፤ ሲሆን ምን እያደረጋችሁ እንደነበርም ንገሩ፤ እጃችሁ የት ነበር፣ ዓይናችሁ የት ነበር። መድኃኒት የማትሉትን መድኃኒት ሁሉ ንገሩ። የእኔን መርፌ ገዝታችሁ አትወጉ፤ የእናንተ ነገር ሌላ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በላይ፣ ብቻችሁን አትግቡ። ክኒኗን ያስታወሰችው እናቴ ናት፤ እኔ አሁንም "የለም" ብዬ ልወጣ ነበር። ጸሎቱን አልተውኩም፤ ለኔ ጸሎቱም መርፌውም ከአንድ እጅ ነው የመጡት።

ጋሽ በቀለ ሲሰሙ ቤት ድረስ መጡ። "አላወቅንም ልጄ" አሉ። ወደ መዘምራኑ እንድመለስ ጠየቁኝ። እሺ ልል ብዬ ያቺ ቅጽበት ታወሰችኝ፤ ዓይናችንን ጨፍነን የምትባለዋ። እግሬ አሁንም ሙሉ በሙሉ አይናገርም። ስጨፍን ትንሽ እወዛወዛለሁ፤ ማይክሮፎኑ ሲወድቅ የሰማሁት ድምፅ ደግሞ ከጆሮዬ አልወጣም። ለእናቴ ስነግራት ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር።

"ማን ይይዝሻል?"

"መድረክ ላይ ነኝ እማዬ፤ ማንም አይይዘኝም።"

የተመለስኩበት እሑድ ዝማሬው እንደ ድሮው ነበር። መሪያችን "ዓይናችንን ጨፍነን" አለ። በአዳራሹ ውስጥ ዓይን ሁሉ ተከደነ፤ የታደለም፣ የጋሽ በቀለም። እኔ የኔን ገርበብ አድርጌ ከእግሬ ጫፍ አልነቀልኩም። ከዚያ ቀና ስል ከፊት ለፊት፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ ነጭ ነጠላ አየሁ።

እናቴ ናት። መቼ እንደገባች አላየሁም። በዚያ ሁሉ እጁን ባነሣ ሕዝብ መሃል የእሷ እጆች ብቻ ወደ ፊት ተዘርግተዋል፤ ዳዴ የሚል ልጅ ልትይዝ የተዘጋጀች ነው የምትመስለው። በአዳራሹ ውስጥ ዓይኗን ያልጨፈነችው እሷ ብቻ ናት። እኔን ታያለች፤ ዓይኗን አትነቅልም።

ዓይኔን ጨፈንኩ።